ከል መልበሴ ክርክር አይረታልሽም

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ብሶበታል፤ አባትሽ ጋቢውን ደራርቦ ሬዲዮው ሥር ነው የሚውለው።

የላክሽልኝን የአሜሪካዊቷን የሲንዲ ሺሃንን ታሪክ አነበብኩት። ልጇ ኬሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራቅ ውስጥ ተገደለባት፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ቴክሳስ ሄዳ ከፕሬዝዳንት ቡሽ እርሻ አቅራቢያ መንገድ ዳር ሰፈረች። ልጄ የሞተው ለምንድን ነው፣ ውጣና ንገረኝ አለችው። ወደድኳት። ድንኳን ጥሎ ማልቀስ እኛም እናውቅበታለን፤ እሷ ግን የጣለችው ልጇን ባዘመተው ሰውዬ ደጅ ነው።

ያልወደድኩት ያንቺን ነው። "ልጅ የቀበረች እናት ከተናገረች ሌላው ዝም ይበል። እማዬ መጥታ ስለ ጦርነት የምናደርገው ውይይት ላይ ትናገር፣ ያኔ ማን ይከራከረናል?" አልሽ። አንዲት የኒው ዮርክ ታይምስ አምደኛም ያኔ እንዳንቺው ብላ ነበር፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች የሞራል ሥልጣን ፍጹም ነው ብላ።

እስቲ የወንድምሽን ለቅሶ አስታውሺ። ሬሳው አልመጣም። ፎቶውንና ያን እጅጌው የተተረተረ የትምህርት ቤት ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ነው ያለቀስንለት። አጠገቤ ተቀምጣ ደረቷን ስትመታ የነበረችው የታች ጎረቤታችን ናት፤ የሷም ልጅ በዚያው በሰሜኑ ጦርነት ነው የቀረው። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ እኔ እልል አልኩ። እሷ በሯን ዘግታ ዋለች። "የልጄ ደም እንዲሁ ሊቀር ነው?" አለችኝ በማግሥቱ። ምን ልበላት? በፊተኛው ዓመት፣ በ2014፣ የትግራይ ጦር ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ እኛም ጨርቃችንን ስንጠቀልል የነበረበትን ኅዳር ታስታውሳለች፤ እኔም አስታውሳለሁ። ሁለታችንም ከል ለባሾች ነን። የማናችንን አፍ ልትዘጊ ነው?

ቴክሳስም የሆነው ይኸው ነው። ሺሃንና ጓደኞቿ የሟች ወታደሮችን ስም ጽፈው መስቀል ሲተክሉ፣ የልጄን ስም አንሡልኝ ያሉ ወላጆች መጡ። እነሱም ልጅ ቀብረዋል። እሷም ብትሆን አንድ ሰሞን በካሜራ ተከብባ፣ ከራሷም ወገን ሳይቀር ተሰድባ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በቃኝ አለች። ሐዘንሽ እስከጠቀመው ድረስ የሚያቅፍሽ ሰው ብዙ ነው።

ሐዘን ሥልጣን የለውም ማለቴ እንዳይመስልሽ። ባይኖረው ደርግ ባልፈራው። በቀይ ሽብር ልጅ ገድሎ እናቲቱን አታልቅሺ ይል ነበር፤ የጥይት ዋጋ ተጠይቀው ሬሳ የወሰዱ ቤተሰቦችም አሉ። በዚያው በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ 14 ሴቶች ፕላዛ ደ ማዮ አደባባይ ወጡ። ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ያፈኗቸውን ልጆቻቸውን የት አደረሳችኋቸው ብለው። ኋላ ነጭ ሻሽ አስረው ሐሙስ ሐሙስ መዞር ጀመሩ፤ ከመካከላቸው ታፍነው የተገደሉም አሉ። ሌሎቹ መዞራቸውን አልተዉም።

እኔም ልጄን የት አደረሳችሁት፣ ለምን፣ በማን ትእዛዝ ብዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ ይህን ማንም አይከለክለኝም። ጦርነት እንዴት ይቁም፣ ከማን ጋር ይታረቅ፣ ማን ይጠየቅ ሲባል ግን እኔም እንደማንም ሰው ልስት እችላለሁ። እዚያ ላይ ተከራከሩኝ። ልጅ ሞቶባታል ብሎ ዝም የሚለኝ ሰው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስጠላኛል። ያዝንልኛል እንጂ አይሰማኝም።

ስለዚህ እመጣለሁ። ጎረቤታችንንም ይዣት ነው የምመጣው፤ አንቺ ራስሽ ደውለሽ ጥሪያት፣ በኔ በኩል አይሁን። ማይኩን መጀመሪያ ለሷ ስጧት። የማትወዱትን ስትናገር ጓደኞችሽ እንዳያጉረመርሙባት ቀድመሽ ንገሪያቸው። ፎቶ ካስፈለገሽ ባለሹራቡን አድርጊ፤ የወታደር ልብሱን የለበሰበትን ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉብኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እንነሣለን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ካልሆነ እደውልልሻለሁ።

እናትሽ