የቪፒኤኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የድርጅቶችን ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው። ቪፒኤን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፌስቡክና ቴሌግራም ሲዘጉ ስልኩ ላይ የጫነው አፕ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ዋናውን መሥሪያ ቤትና ቅርንጫፉን በኢንተርኔት ላይ ስለሚያገናኘው፣ ሁለት ፋየርዎሎች (የኔትወርኩን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች) በመካከላቸው ስለሚከፍቱት የተመሰጠረ መስመር ነው። ቱነል እንለዋለን።

ባለፈው ወር አንድ አስመጪ ድርጅት ጠራኝ። የአዳማው ቅርንጫፍ ሲስተም በየሰዓቱ ይቋረጣል፤ ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። አንደኛው ፋየርዎል የማመስጠሪያ ቁልፉን በየ3,600 ሰከንድ (አንድ ሰዓት) እንዲያድስ፣ ሌላኛው በየ28,800 (ስምንት ሰዓት) ተሞልቷል፤ አንዱ የጣለውን ቁልፍ ሌላው ይዞ ይቀመጣል። ይህን በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩ።

ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ሁለቱ ፋየርዎሎች የሚተዋወቁበት የጋራ ቁልፍ የድርጅቱ ስምና 123 ነው። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ላይ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ። ያዋቀረው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ቁልፉን የቀየረ የለም። ማመስጠሪያው ትሪፕል ዴስ የተባለው ያረጀ ስልት፣ ሁለቱ ፋየርዎሎች ቁልፍ የሚስማሙበት የቁልፍ ልውውጥ ዲፊ ሄልማን ግሩፕ 2፣ የሚተዋወቁበት አሠራርም አግረሲቭ ሞድ የሚባለው አጭሩ መንገድ ነው። በአግረሲቭ ሞድ ደግሞ ሰው ከውጭ ሆኖ የቁልፉን ሃሽ (ከቁልፉ ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ) ሊወስድና ቤቱ ቁጭ ብሎ እስኪገጥምለት ሊገምት ይችላል፣ ማንም ሳያየው። ግሩፕ 2 ባለ 1,024 ቢት ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የመንግሥት አቅም ያለው አካል ይህን መጠን ሊሰብረው እንደሚችል አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የፋየርዎሉ ፖሊሲ፣ ማለትም ምን ይለፍ ምን ይታገድ የሚለው ደንብ ነው። በቱነሉ ከየትም ወደ የትም፣ ማንኛውም ነገር ይለፍ ይላል። ቅርንጫፉ ላይ ካሸሯ ዘፈን ያለበት ፍላሽ የምትሰካበት ኮምፒውተር በቀጥታ የዋናው ቢሮ ሒሳብ ሰርቨር ጋ ይደርሳል። ቫይረስ ከገባ እኮ ቱነሉ አመስጥሮ፣ ተንከባክቦ ነው የሚያደርሰው!

ማስተካከሉ ከሰዓት በኋላውን ወሰደ። መተዋወቂያውን አይኬ ቨርዥን 2፣ ማመስጠሪያውን ኤኢኤስ 256፣ ሃሹን ሻ 256፣ የቁልፍ ልውውጡን ግሩፕ 14 አደረግን፤ ሁሉም ከቀድሞዎቹ የጠነከሩ ናቸው። የጋራ ቁልፉን ማሽን እንዲያወጣው አድርጌ 40 ፊደልና ቁጥር ሆነ፤ ለአዳማው ባልደረባ በቴሌግራም አልላክሁም፣ በስልክ አንድ በአንድ አነበብኩለት። አሰልቺ ነው፣ ግን ቻት ውስጥ የቀረ ቁልፍ ነገ ማን ስልክ ላይ እንደሚገኝ አይታወቅም። ከቅርንጫፉ የሚያልፈው አሁን ወደ ሒሳብ ሰርቨሩ፣ በሚያስፈልገው ፖርት (የአገልግሎት በር) ብቻ ነው።

ከቤት ሆነው በቪፒኤን ለሚገቡ ሠራተኞችም አካውንቱ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የተጠቃው ሥራ ላይ ባልነበረ አንድ የቆየ የቪፒኤን አካውንት ነው፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ነዳጅ ለቀናት ቆመ፣ ኩባንያውም ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ባለድርጅቶች ሆይ፣ ሠራተኛ ሲለቅ የመጋዘን ቁልፍ ትረከባላችሁ። የቱነሉንስ?

አንድ ነገር ደግሞ ልለምን። ጋዜጦች ላይ በሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎች «የፋየርዎል አቅርቦትና ተከላ» የሚል አያለሁ። ከዚያው ሥር አንድ መስመር ይጨመርልን፦ ተጫራቹ ያዋቀረውን ሴቲንግ በጽሑፍ ያስረክባል፣ ርክክቡ ባለቀ ቀንም ቁልፉ በድርጅቱ ሰው ይቀየራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ