ያው ሊታረድ ነው እየተባለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዘመን መለወጫ በደረሰ ቁጥር የዶሮ፣ የበግና የቅቤ ዋጋ ይዘገባል። ዶሮዋና በጉ ከገበያ እስከ ቤት እንዴት እንደሚጓዙ ግን ሲጻፍ እምብዛም አላይም። እኔ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መመገብ ካቆምሁ ዓመታት አልፈዋል። ሌላውም ቢተው ደስታዬ ነው፤ ዛሬ የምጽፈው ግን ለሚያርደውም ሰው ነው።

በዋዜማው ሾላ ገበያ ጥቂት ቆሞ ማየት ይበቃል። አራት አምስት ዶሮዎች እግራቸው በአንድ ሲባጎ ታስሮ ቁልቁል ይንጠለጠላሉ፤ ክንፋቸው ተዘርግቶ፣ አፋቸው ተከፍቶ ያለከልካሉ። ዶሮ እንደ ሰው ደረትና ሆድን የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ ሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫነዋል። ገዢው በዚያው አኳኋን ይዟት ታክሲ ይጠብቃል። በጉ ደግሞ አራት እግሩ ተጠፍሮ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል፤ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ፣ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭንቅላቱ ከብረቱ ይጋጫል።

«ያው ሊታረድ አይደል?» ይሉኛል። ሊታረድ ስለሆነማ ነው! ነፍሱን ለሚሰጠን ፍጥረት የመጨረሻ ቀኑን ስቃይ የምናደርግበት ምን ምክንያት አለን? እንስሳን ማሰቃየት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ነውር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በእንስሳት ላይ መጨከንን ያስቀጣል። ዶሮን በቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ማድረግ ማንንም አያደኸይም። ደንብ አስከባሪዎች በበዓል ሰሞን ገበያው በር ላይ ቆመው ዶሮ ዘቅዝቆ የሚወጣውን ቢመልሱ ሰው ቶሎ ይለምደዋል።

ለምግብ ቤቶችም አንድ ልመና አለኝ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው በየቤቱ ሞልቶ ይተርፋል፤ እንዲህ ያለ ማዕድ ያለው አገር ጥቂት ነው። ፋሲካ ሲገባ ግን ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ለሃምሳ ቀን ይጠፋል፤ ሽሮው እንኳ ቅቤ ይገባበታል። አስተናጋጁ «አሁን እኮ ፍስክ ነው» ሲለኝ ስለ ጾም የጠየቅሁት ይመስለዋል። የምጠይቀው እንስሳ ያልተጎዳበት ምሳ ነው። ለሚፈልግ ሰው አንድ ድስት ቅቤ የሌለው ወጥ ዓመቱን ሙሉ አይጥፋ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ