ጾመ ነነዌን በዓሣ ነባሪዎች መካከል

ሳን ዲዬጎ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ እንድታነብልሽ ነግሬያታለሁ። ፎቶዎቹንም በስልኳ ልኬላታለሁ፤ ግን አስቀድመሽ ደብዳቤውን ስሚ፣ ፎቶውን ከዚያ ታያለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ይቀራል፤ ከዚህ ወሬ ደግሞ ምንም እንዲቀርብሽ አልፈልግም።

ሜክሲኮ ልሄድ ነው ስልሽ ዝም ያልሽው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚያ አገር የምትሰሚው ሁሉ ክፉ ክፉው ነው። ነገር ግን በገና በዓል ስንነጋገር «ድምፅሽ ደክሟል» ያልሽኝ አንቺው ነሽ። እውነትሽን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆኜ በሽተኛ ሳስታምም ኖሬ፣ ቀን የምተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ መሆኑ ቀርቶ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስለዚህ ቦታ ስትነግረኝ «ዓሣ ነባሪ ሰው ዘንድ እየመጣ ይዳሰሳል» አለችኝ። ማመን አቃተኝ፤ ቢሆንም ሄድኩ።

ድንበሩ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት አይርቅም። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለት ቀን በመኪና ወደ ደቡብ ነው። ባሃ ካሊፎርኒያ ይሉታል፤ በሁለት ባሕር መካከል የተዘረጋ ቀጭን ምድረ በዳ። ቁልቋሉ እንደ ዛፍ ገዝፎ የቆመበት፣ አንድ መንደር አልፈሽ ሌላውን እስክታዪ ሰዓታት የምትጓዢበት አገር ነው። መሐሉ ላይ ሳን ኢግናሲዮ የምትባል፣ በቴምር ዛፍ የተከበበች ትንሽ ከተማ አለች። ቴምሩን ያመጡት የጥንት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው፤ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኗም በ1786 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያለቀች ናት። ገብቼ ሻማ አብርቼልሻለሁ። ከዚያ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ስትወርጂ፣ ታላቁ ውቅያኖስ ወደ የብስ ገብቶ እንደ ሐይቅ የተኛበት ቦታ ትደርሻለሽ። እነሱ ላጉና ይሉታል።

ማረፊያው ባሕር ዳር እንደምታውቂያቸው ያሉ ሆቴሎች አይደለም። ጥቂት የእንጨት ጎጆዎች ውኃው ዳር ተደርድረዋል፤ ሁሉም የሚበላበት አንድ አዳራሽ አለ። መብራቱ ከፀሐይ የሚጠራቀም ስለሆነ ማታ በጊዜ ይጠፋል። ስልክ አይሠራም። በመጀመሪያው ሌሊት ከጎጆዬ ውጭ ነፋሱ ሲያርፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ትልቅ ሰው ደክሞት ቁጭ ሲል «እህ» ብሎ እንደሚተነፍሰው ያለ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ዓሣ ነባሪዎቹ በጨለማው ውስጥ ሲተነፍሱ ነው። እሱን እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እማዬ፣ እንዲህ ከተኛሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ቆጥሬ መድረስ አልቻልኩም።

ጠዋት ጠዋት ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ኮዮቴ የምትባል ቀበሮ መሳይ አውሬ ዳር ዳሩን እያሸተተች ትሄዳለች። እንጨት ላይ ጎጆውን የሠራ ዓሣ አዳኝ ጭልፊት ነበር፤ ዓሣውን በጥፍሮቹ ይዞ፣ ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚበርረው። ፔሊካኖቹን ሳይ ግን ጣና ትዝ አለኝ። የእኛዎቹ ነጭ ናቸው፤ ተሰብስበው እየዋኙ በከረጢታቸው ይጨልፋሉ። የእዚያዎቹ ቡናማ ናቸው፤ ከሰማይ እንደተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ ይወድቃሉ።

የደረስኩት የነነዌ ጾም ዋዜማ እሑድ ማታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ስቆይ ወጥ ቤቷ ሴትዮ ተጨነቀች፤ ምግቧን የጠላሁባት መሰላት። ከበሽተኞቼ በለቀምኳት ስፓኒሽ ስለ ዮናስ ነገርኳት። «ሆናስ!» አለች፤ ስሙን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ከዚያ ወደ ውኃው በእጇ እያሳየች «እነዚያም እናቶች ይጾማሉ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እነዚህ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በፈረንጆቹ በጋ የሚበሉት በሰሜን፣ በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው የበረዶ ባሕር ነው። እዚያ ብርዱ ሲገባ ከ8 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝተው እዚህ ይመጣሉ፣ ሊወልዱ። ዓመት ሙሉ ያረገዘችው እናት ስትወልድ ልጇ ሰባት ስምንት ኩንታል ይመዝናል። ወተቷ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ልጇ በእሱ ሲፋፋ፣ እሷ ግን እዚያ ላጉና ውስጥ እስካለች ድረስ ምንም አትቀምስም ማለት ይቻላል። በሰሜን ያጠራቀመችውን ስብ እያቃጠለች ታጠባለች፤ ከዚያ ልጇን አስከትላ ያንኑ መንገድ ትመለሳለች። ይህን ስሰማ የእኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለራሴ አነሰብኝ። ወጥ ቤቷ ባቄላና ቶርቲያ፣ ማለት የበቆሎ ስስ ቂጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ትኩሱን ታቀርብልኝ ጀመር፤ ሦስቱንም ቀን።

ወደ ውኃው የሚወስዱን የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ስምንት ሰው ብትይዝ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጀልባዎች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ማሳደድ ክልክል ነው። ሞተሩን አቀዝቅዘው ይጠብቃሉ፤ መምጣት ያለባት እሷ ናት። ሰኞና ማክሰኞ ከሩቅ ብቻ አየናቸው። እናቶቹ በእኛና በልጆቻቸው መካከል እየገቡ ይጋርዷቸው ነበር። ጀልባ ነጂው አልከፋውም፤ «ገና አራስ ናቸው» አለ።

ረቡዕ አንዷ መጣች። መጀመሪያ ውኃው ከስራችን ጠቆረ። እማዬ፣ የጀልባችንን እጥፍ የምትረዝም ነገር ያለ አንዳች ድምፅ ከስር ስታልፍ ምን እንደሚሰማ ልነግርሽ አልችልም። «እግዚኦ» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ቆዳዋ ጠባሳ በጠባሳ ነው፤ እንደ ዛጎል ያሉ ነገሮች ተጣብቀውባታል። ከዚያ ልጇ በጎኗ ብቅ አለ። ትንሽ ፈራ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜ እናትየዋ ከስሩ ገባችና በአፍንጫዋ ከፍ አድርጋ ወደ ጀልባው ገፋችው። ወደ እኛ። እጄን ዘረጋሁ፤ ቆዳው ተቀቅሎ እንደተላጠ እንቁላል ይለሰልሳል፣ ይቀዘቅዛል። እሷ በጎኗ ዞራ በአንድ ዓይኗ ስታየን ቆየች።

ጀልባ ነጂው ሲመለስ የነገረኝን ሳልጽፍልሽ አላልፍም። ባለፈው ምዕተ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው፣ ዘይታቸውን ፈልገው የመጡ አዳኞች እነዚህን ላጉናዎች በደም አጥበዋቸዋል። እናቲቱ እንድትቀርብላቸው መጀመሪያ ልጇን ይወጉ ነበር። እናቶቹ ጀልባዎቹን እየሰባበሩ ስለተዋጓቸው «የዲያብሎስ ዓሣ» የሚል ስም አወጡላቸው። ዘራቸው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመንደሩ ዓሣ አጥማጆችም ይፈሯቸው ነበር፤ እንዳይቀርቧቸው የጀልባቸውን እንጨት እየደበደቡ ድምፅ ያሰሙ ነበር፣ ልክ አያቴ ጉማሬ ሲያይ እንደሚያደርገው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 ግን ፍራንሲስኮ ማዮራል የሚባል፣ ፓቺኮ እያሉ የሚጠሩት አጥማጅ አንዲት ዓሣ ነባሪ ጀልባው ሥር መጥታ አልሄድ ስትለው፣ እየተንቀጠቀጠ እጁን ዘርግቶ ዳሰሳት። ምንም አላደረገችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ የተለወጠው። በኋላ ደግሞ እዚያው ትልቅ የጨው ማምረቻ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፤ ብዙ ሰው ተሟግቶ በፈረንጆቹ 2000 የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ ሰረዙት። አሁን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ ብዙ ዓሣ ነባሪዎች ሞተዋል፤ በሰሜን በረዶው ሲቀልጥ የሚበሉት እየቀነሰ ከስተው ይመጣሉ። ጀልባ ነጂው ዘንድሮ የተወለዱትን ግልገሎች በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤ ቶሎ ጨረሰ።

ያቺ እናት የእናቶቿን መከራ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ያን ሌሊት የተኛሁት ስለ አንቺ እያሰብኩ ነው።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘጌ ላይ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ልታስተምሪኝ የምትችዪበት መንገድ አልነበረሽም። ውኃ የምትፈሪው አንቺ፣ እስከ ጉልበትሽ ገብተሽ፣ በብብቴ ይዘሽ አንስተሽ የአያቴ ታንኳ ላይ ከቡናው ከረጢት አጠገብ አስቀመጥሽኝ። እኔ አልቅሼ ወደ አንቺ ስመለስ እንደገና ገፋሽኝ። ለዓመታት ያንን ግፊትሽን ይዤብሽ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልነገርኩሽም። ወደማላውቃቸው ሰዎች ሰጠሽኝ ብዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት እጄ ግልገሉ ላይ እንዳለ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ማለት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ እናትየዋ ዓይኗን ከእኛ ሳትነቅል ስታየን አየኋት። እማዬ፣ ይቅር በዪኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጠዋት አክስቴ «ዞረሽ እንዳታዪ» ብላኝ ስለነበር ታንኳው ሲርቅ ፊቴን ወደ ባሕር ዳር እንዳደረግኩ ቀረሁ። አንቺ ከውኃው የወጣሽው መቼ ነበር? ታንኳው ከዓይንሽ እስኪጠፋ ቆመሽ ነበር? ለእህቴ ልጅ ንገሪያትና እሷ ትጻፍልኝ። በስልክ አትንገሪኝ፤ አንቺ እንዳልሽው ሆኖ ተጽፎ ላንብበው።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስከዚያው ጤናሽን ጠብቂ፤ የጉልበትሽን መድኃኒት ከምግብ በኋላ ዋጪ።

ልጅሽ