ትዝታ ላይ የሌሉት ሁለቱ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ወር ዝም ማለቴን እማዬ በምን እንደተረጎመችው አላጣውም፤ ሥራ በዝቶበት ነው በላት። የላክሁት ብር በመጀመሪያ ለስኳር መድኃኒቷ ይሁን፣ ከተረፈ የጊታር ክር ግዛበት። ማታ ማታ እግሯን እይላት። ብትቆስልም አትናገርም።

ቀድተህ የላክህልኝን ሶሎ ሰማሁት። «ለምን ጃዝ ጃዝ አይልም?» ላልኸው፣ ችግሩ ከጣትህ አይደለም። ኮርዱ (ከሥርህ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ከዲ ማይነር ሰባት ወደ ጂ ሰባት፣ ከዚያ ወደ ሲ ሜጀር ሰባት ሲሄድ፣ አንተ ትዝታ ሜጀርን ሽቅብ ቁልቁል ትላለህ። ትዝታ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ኤፍና ቢ የሉበትም። የጂ ሰባት ሦስተኛው ድምፅ ቢ፣ ሰባተኛው ድምፅ ኤፍ ነው፤ ጂ ሰባትን ጂ ሰባት የሚያሰኙት እነሱ ናቸው። አልተሳሳትህም፤ ግን ኮርዱ በአጠገብህ ሲያልፍ ሰላም አላልኸውም።

እስቲ ቅኝቱን ተወውና አራተኛና ሦስተኛ ክርን ብቻ ያዝ። ለዲ ማይነር አራተኛው ክር 3ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ክፍልፍል) ላይ ኤፍ፣ ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሲ። ለጂ ሰባት አራተኛው አይነቃነቅም፤ ሦስተኛው ወደ 4ኛ ወርዶ ቢ ይሆናል። ለሲ ሜጀር ደግሞ ሦስተኛው ይቀመጣል፤ አራተኛው ወደ 2ኛ ወርዶ ኢ። ተራ በተራ አንድ አንድ ፍሬት፣ በቃ። ሜትሮኖሙን፣ ምት መምቻውን፣ በደቂቃ 50 ላይ አድርግና ምቱን ሁለትና አራት ብለህ ቁጠረው፤ አንድና ሦስት ካልኸው የሰልፍ ማርሽ ይሆንብሃል።

እጅህ ሲለምደው ትዝታህን መልስ፤ ኮርዱ ሲለወጥ ብቻ ከእነዚህ ድምፆች ባንዱ ላይ እረፍ። ቅኝትና ጃዝ አይስማሙም የሚልህን አትስማ፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋብቷቸዋል። መሀል መሀል ደግሞ ዝም በል። አዝማሪው ስንኙን ጥሎ ማሲንቆውን ብቻውን የሚያስለቅሳት ጊዜ አለች አይደል? እሷን። እዚህ ያቺን የሚያውቅ ሰው... ተወው።

የእታለም ሠርግ ጥር 17 መሆኑን ከሰው ሰማሁ። ወረቀቴ እስከዚያ አይደርስም። ብር ልኮ ተገላገለ የሚል ዘመድ ካለ ይበል፤ አንተ ግን እንዳትላት። የዚያን ዕለት ስልክህን ከባንዱ አርቀህ እማዬ አጠገብ አስቀምጠው፤ እልልታዋን ቅዳልኝ።