ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ጥያቄ ቁጥር 17

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስቱ ደብዳቤዎቼ ስላልደረሱዎ አይደለም። ደርሰዋል፤ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች በእጄ አሉ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ የበሩ ጥበቃ ያውቃል። መታወቂያ መጠየቁን ትቶልኛል። ጸሐፊዎ ግን ዛሬም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው የሚሉኝ።

ለውጭ ግንኙነት ባለሙያነት በተሰጠው የደረጃ እድገት ፈተና ላይ ቁጥር 17 «የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነ አገር በወታደራዊ ጉዳይ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም» ይላል። እውነት ወይስ ሐሰት ነው ጥያቄው። «ሐሰት» አልኩ። የእናንተ መልስ «እውነት» ነው። በአንድ ነጥብ ወደቅሁ።

አየርላንድ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት፤ ኔቶ ውስጥ ግን የለችም። ኦስትሪያ በ1955 ገለልተኛነቷን በሕግ ደንግጋ በ1995 ገባች። ሕዝቧ የአዲስ አበባን ሩብ የማይሞላው ማልታ እንኳ በ1987 ሕገ መንግሥቷ ላይ ያሰፈረችውን ገለልተኛነት ሳትሰርዝ ነው በ2004 የተቀላቀለችው። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 7 አንድ አባል ሲወረር ሌሎቹ በሚችሉት ሁሉ ይርዱት ይላል፤ እዚያው ላይ ግን ይህ የአንዳንድ አባላትን የተለየ የመከላከያ ፖሊሲ እንደማይነካ ያክላል። አየርላንዶች በ2008 ይህን አንቀጽ ያመጣውን የሊዝበንን ውል ውድቅ ሲያደርጉ ከሥጋታቸው አንዱ ይኸው ነበር። ገለልተኛነታቸው እንደማይነካ ማረጋገጫ ተሰጥቷቸው ነው በ2009 የተቀበሉት።

አውሮፓ ሩቅ ነው ካሉኝ፣ ወደ እርስዎ ስመጣ በአፍሪካ አዳራሽ በር ነው የማልፈው። በ1963 እዚያ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአንቀጽ 2 በመከላከያና በጸጥታ እንተባበር ይላል፤ በአንቀጽ 3 ደግሞ ከየትኛውም ጎራ አንወግንም።

የገለልተኞች ጠበቃ አይደለሁም። በ1935 ጣሊያን ስትወረን ስዊዘርላንድ «ገለልተኛ ነኝ» ብላ መሣሪያ ለሁለታችንም ከለከለች፤ ፋብሪካ ላለውም ለሌለውም እኩል! ቢጠይቁኝ ይህንን በሁለት ገጽ እጽፍላችሁ ነበር። የጠየቃችሁኝ ግን ይቻላል ወይስ አይቻልም ብላችሁ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፈተናውን ያወጡት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው። የውሉን አንቀጽ አትሜ፣ በቀይ አስምሬ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ሳይገልጡት በጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። «ወንድሜ፣ ኮሚቴው ገለልተኛ ነው። ከመልስ ወረቀቱ ውጭ አንሄድም» አሉኝ። መልስ ወረቀቱን የጻፈው ማን ሆነና! ሰው በራሱ ሥራ ላይ በቀረበ ቅሬታ ዳኛ እንደማይሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ በሁለተኛው ደብዳቤዬም ጽፌዋለሁ።

ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም፣ ሻይም አብረን እንጠጣለን። ቁጥር 17 ይታረም፤ ሰብሳቢው ከዚህ ጉዳይ ይነሱ። ለቀጣዩ ዙር ፈተና ተመዝግቤያለሁ። ያው ጥያቄ ቢመጣም መልሴ «ሐሰት» ነው።

ከሰላምታ ጋር
የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት (ለአራተኛ ጊዜ)