ወፍ ያላረፈበት ማሽላ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የቆላው ወሎ አዝመራ በተበላሸ ቁጥር ዘገባችሁ «ዝናብ በማጠሩ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። የዝናብ እጥረት ማሽላን ምን እንደሚያደርገው አላጣሁትም፤ ቆቦ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ባለፈው መስከረም የወንድሜ ማሳ ውኃ አልጎደለበትም። አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉ ለምለም ነበር። ዛላውን ይዤ በመዳፌ ሳሸው ግን የወጣው ገለባ ብቻ ነው። ማማ ላይ የወጣው ልጅ ወንጭፉን ከጎኑ አስቀምጦ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ወፍ እንኳ አላረፈበትም። ማሽላው ባበበ ሰሞን ሌሊቱ ሳይቀር ወበቅ ስለነበር ደጅ አንጥፈን ነበር የምናድረው።

ሙቀት ማሽላን አብዝቶ የሚጎዳው ሊያብብ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረውና ባበበባቸው ቀናት ነው። በዚያ ሰሞን የቀኑ ሙቀት ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በብዙዎቹ ዝርያዎች ላይ የአበባው ብናኝ መምከን ይጀምራል። ብናኙ ከመከነ ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢለመልም ፍሬ አይገኝም። ማሽላ የራሱ ብልሃት አለው፤ በአብዛኛው የሚያብበው ከእኩለ ሌሊት እስከ ረፋድ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሌሊቱም ከሞቀ ግን መሸሸጊያ አጣ። ቀን ከሠራውም ምግብ ከወትሮው የበዛውን ሌሊት በመተንፈስ ይጨርሳል።

ታዲያ ዘር ሲታደል ለገበሬው የሚነገረው በስንት ቀን እንደሚደርስና ምን ያህል ዝናብ እንደሚበቃው ነው። መቼ እንደሚያብብ፣ በሞቃት ሌሊት ፍሬ ይያዝ አይያዝ እኛን የነገረን የለም። ይህን ሳያውቁ ደጋሊቱንና ጅጉርቲውን የመሰለ የአገራችንን የማሽላ ዘር ጥሎ አዲስ ዘር ላይ መንጠልጠል ያሳዝነኛል። ከአንድ የኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘው ቢ35 የተባለ ዘር በድርቅ ጊዜ ቅጠሉን ሳያደርቅ ፍሬ ስለሚሞላ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ለዝርያ ማሻሻያ ሥራ መነሻ ሆኗል። በእኛ ጎተራ ያለው ዘር ምን እንደሚችል ግን አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ ለምግብ ከመፈጨቱ በፊት መለካት አለበት፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከእኛ ሩቅ አይደለም።

እናንተም በሚቀጥለው ዘገባችሁ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ማሽላው ባበበበት ሳምንት ሌሊቱ ስንት ዲግሪ እንደነበር አብራችሁ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ
ከቆቦ፣ ወሎ