በተሳሳተ ዘመን ስለተሸጡ ሦስት የማጣፈጫ ጠርሙሶች የቀረበ ቅሬታ

ለጨረታ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የገንዘብ ተመላሽና የገለጻ እርማት ስለመጠየቅ

ከጨረታችሁ የገዛኋቸው ሦስት የአሜሪካ ገበያ ጠርሙሶች ደርሰውኛል። የሦስቱም ገለጻ ከዕቃው ጋር አይገናኝም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የካቻፑን ጠርሙስ «በአፍ የተነፋ፣ የ1880ዎቹ» ብላችሁታል። በአፍ የተነፋ ጠርሙስ ከንፈሩ የሚበጀው ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ከወጣ በኋላ በእጅ መሣሪያ እየተሽከረከረ ስለሆነ፣ የሞልዱ ስፌት፣ ማለትም የሞልዱ ክፍሎች ሲጋጠሙ መስታወቱ ላይ የሚተዉት መስመር፣ ከከንፈሩ በታች ይጠፋል። በዚህኛው ግን ስፌቱ አንገቱን አልፎ እስከ አፉ ጫፍ ይወጣል፤ በጥፍር ሲዳሰስም ይታወቃል። ይህ የማሽን ሥራ ነው፤ የአሜሪካዊው ፈጣሪ የማይክል ኦወንስ አውቶማቲክ የጠርሙስ ማሽን ደግሞ ለሥራ የበቃው በ1903 አካባቢ ነው። ስፌቱ ባያሳምናችሁ መቀመጫውን ገልብጣችሁ ማየት ይበቃ ነበር። በ1929 የተመሠረተው የጠርሙስ አምራቹ የኦወንስ ኢሊኖይ ኩባንያ ምልክት በግልጽ አለበት። በስተግራው ያለው 9 በስትሪተር ከተማ ያለው የኩባንያው ፋብሪካ ቁጥር ነው፤ በስተቀኝ ያለው 47 ዓመተ ምርቱ፣ ማለትም 1947። ከ1940 ወዲህ የመጣው «ዱራግላስ» የሚለው የኩባንያው የመስታወት የንግድ ስምም በተያያዘ የእጅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል።

የእንግሊዙ አምራች የሊ ኤንድ ፔሪንስ ሶስ ጠርሙስን «የ1840ዎቹ» ያላችሁት ሶሱ ለገበያ የቀረበው በ1830ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ይመስለኛል። የአምራቹ ስም የሚነግረን ጠርሙሱ ከዚያ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው፤ ስሙ ሳይለወጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀርጿል። መቀመጫው ላይ ያሉት ጄ.ዲ.ኤስ. የተባሉት ፊደላት የአምራቹን የኒው ዮርክ ወኪል የጆን ደንከንስ ሰንስን ስም ይወክላሉ። ይህና በመሣሪያ የተበጀው ከንፈር ጠርሙሱን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ወደ 20ኛው መጀመሪያ ያመጡታል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ በትክክለኛ ዘመኑ ቢቀርብም ገዢ አያጣም ነበር። ያሳዘነኝ የመስታወት ውታፉን አፉ ውስጥ እንዳለ ማሸጋችሁ ነው፤ በጉዞ ላይ እየተንቀሳቀሰ የከንፈሩን ውስጠኛ ጠርዝ ሸርፎታል። ውታፍ ወጥቶ ለብቻው ይጠቀለላል።

ሦስተኛው የበርበሬ ሶስ ጠርሙስ «ፀሐይ ያጠቆረው ብርቅ ሐምራዊ» ተብሎ ከሁሉም በላይ በውድ ተሸጧል። ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን የተጨመረበት ቀለም አልባ ጠርሙስ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ይሆናል። እንደ ወይን ጠጅ የደመቀና ከአንገት እስከ መቀመጫ አንድ ዓይነት የሆነ ቀለም ግን በሰው ሠራሽ ጨረር የመጣ መሆኑን ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ የተነካ ጠርሙስ ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። ሻጩ ይህን ሳይገልጽ መሸጡ ማታለል ነው፤ እናንተም ሳትመረምሩ አልፋችሁታል።

ስለዚህ የካቻፑና የሐምራዊው ጠርሙስ ሙሉ ዋጋ ከመመለሻ ማጓጓዣ ጋር እንዲከፈለኝ፣ ለተሸረፈው ጠርሙስ የዋጋ ቅናሽ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ። አሁንም ለጨረታ የቀረቡ ተመሳሳይ ጠርሙሶች ገለጻ ይታረም። ወደፊት ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የመቀመጫውና የአፉ ፎቶ ይውጣ፤ መብራቱ ከጎን ይሁን፣ ከፊት ለፊት ከሆነ ስፌቱን ይሰውረዋል። የደበዘዘ ቅርጽ ጽሑፍ ላይ ጥቂት ዱቄት ነስንሳችሁ በጣት ብታሹት ፊደሉ ይነበባል፤ በኋላ በለብ ያለ ውኃ ይታጠባል።

የሦስቱም ጠርሙሶች ፎቶዎችና የክፍያ ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። መልሳችሁን በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር